የቦቫንስ እንቁላል አስታቅፌ የወጣው ጫጩት ሌላ ሆነብኝ፤ ተሸውጄ ነው ወይስ ዘሩ ነው?

ኡሙ ፈቲ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጀማው! ዶሮ የምታረቡ ወይም ባዮሎጂ የተማራችሁ ካላችሁ እስቲ ገላግሉን። ቤታችን ውስጥ ክርክር ከተነሳ ሰነበተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ነጋዴ ላይ ቡናማ ቦቫንስ የሚባለውን የፈረንጅ ጣይ ዶሮ ገዛሁ፣ የአንድ ቀን ጫጩቶች። ሰውየው ካርቶኑን ከፈት አድርጎ "ሁሉም ሴት ናቸው፣ አንድ ወንድ ብታገኚ ገንዘብሽን እመልሳለሁ" አለኝ። ገና እርጥበቷ ያልደረቀ ጫጩት ፆታዋ በምን ይታወቃል? በሆዴ ሳቅኩበት። ወላሂ አድገው ሁሉም ሴት ሆኑ። እንቁላሉንም ዘረገፉት! በጋ የለ፣ ክረምት የለ።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እገዛለሁ፣ የራሴን ላስፈልፍል አልኩና ቀይ የሳሶ አውራ አመጣሁላቸው። ቦቫንሶቹ መታቀፍ የሚባል ነገር አያውቁም። ጥለው ዞር ነው። ስለዚህ እንቁላሉን በጭድ እያለበስኩ ካርቶን ውስጥ ደረደርኩና ጭኔ ላይ አድርጌ የሐረጎን አቀበት ወጣሁ። ደሴ፣ ሆጤ፣ አማቴ ቤት ገብስማ የሐበሻ ዶሮ አለች። መታቀፍ ከያዘች እጅ ብታስጠጉ ቆዳ ይዛ ነው የምትለቀው።

ተፈለፈሉ። አብዛኞቹ ቡናማ ናቸው። ነጋዴው ያለውን ይዤ "ቡናማ ከሆነ ሴት ነው" ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዋጋ አለው፣ አድገው ግማሾቹ ኩኩሉ አሉብኝ። ጥቂቶቹ ደግሞ ጥቁር ሆነው ወጡ። ከጥቁሮቹ አንዱ አውራ አንገቱ መላጣ ነው! ከፊት በኩል አንዲት ጭብጥ ላባ ብቻ ቀርታለታለች፣ ሌላው ቀይ ቆዳ። የኔ ቦቫንሶችም ሳሶውም አንገታቸው ደህና ላባ ለብሷል። ይሄ ከየት መጣ?

ሴቶቹ ቄቦች መጣል ሲጀምሩ ከእናቶቻቸው ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ጣል ጣል ያደርጉና ያርፋሉ። አንዷ ጥቁርማ እንቁላሏ ላይ ተኝታ አልነሳም አለች። እናቷ ታቅፋ የማታውቅ! ክረምት ላይ ፈንግል ገብቶ ብዙዎቹን ጨረሰብኝ። እናቶቻቸውን እዚያው ግቢ ውስጥ ንክች አላደረጋቸውም።

አማቴ "ዘር ከልጓም ይስባል፣ የኔ ዶሮ ስለታቀፈቻቸው ጠባይዋ ገብቶባቸዋል" ይላሉ። ባለቤቴ ነጋዴው ሸውዶሻል ባይ ነው። ጎረቤት ደግሞ "የፈረንጅ ዘር እዚህ አገር አይሰነብትም" አለች። ማን ነው ልክ?


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

እህቴ ነገር አታብዢ። መኖ ነው። እናቶቹን የጣይ መኖ እየገዛሽ አሳደግሽ፣ ልጆቹንስ? የእንጀራ ፍርፋሪና የስንዴ ብጣሪ ከሆነ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ እንቁላል ስነግድ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በቆሎው፣ የኑግ ፋጉሎው፣ የኖራ ዱቄቱ ከሌለ ቦቫንስም የሐበሻ ዶሮ ትሆናለች። ጂን፣ ዲኤንኤ የሚባለው የተማሩ ሰዎች ወሬ ነው።


ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እታለም። ነጋዴው አልሸወደሽም። አማትሽ ተረቱን ልክ ተርተው የዘሩን ባለቤት ነው የሳቱት። ባልሽን ተይው።

ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ አሁን ቦርከና አጠገብ ዶሮ አረባለሁ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ። ሰኞ ገበያ ስለ መኖ ያለው እውነት አለው። መኖ ካልተሟላ ጥሩ ዘር ያላትም አትጥልም። ግን ወንድሜ፣ መኖ ላባ አያጠቁርም፣ አንገትም አይላጭም።

ከአማትሽ ልጀምር። ታቃፊዋ ዶሮ ለእንቁላሉ የምትሰጠው ሙቀት፣ እርጥበትና ማገላበጥ ነው። 21 ቀን ትቀመጥበታለች፣ ከራሷ ዘር ግን አንዲት ቅንጣት አታስገባም። የእናትና የአባት ዘር የሚገናኘው አስኳሉ ገና ዛጎል ሳይለብስ፣ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ነጩ ይጨመርበታል፣ ዛጎሉ ይሠራል። ለዚህ አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል፣ ፅንሱም በዚያ ሁሉ ሰዓት ሲከፋፈል ይቆያል። አንቺ ካርቶኑን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ሐረጎን ስትወጪ እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች ነበሩ። የጥቁሩ ጥቁረት፣ የመላጣው መላጣነት እዚያ ተጽፎ አልቋል። ገብስማዋ ያስተማረቻቸው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። መጫር፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ መደበቅ፣ የቱን መልቀም እንዳለባቸው ከእሷ ይማራሉ። ይህ ትምህርት ነው፣ ወደ ልጅ በደም አያልፍም።

አሁን የነጋዴው ምስጢር። እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

ጂን ማለት ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ ነው፣ ክሮሞዞም ደግሞ ጂኖች የተደረደሩበት ክር። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፣ ዶሮ 39 ጥንድ። ከእነዚህ አንዱ ጥንድ ፆታ ይወስናል። አውራው ዜድ የሚባለውን ሁለት ይይዛል። ሴቷ አንድ ዜድ እና አንድ ደብሊው። ሴት ጫጩት ደብሊውን ከእናቷ ትወስዳለች፣ ዜዱን ከአባቷ ብቻ። ወንዱ ከሁለቱም አንዳንድ ዜድ ያገኛል። የላባን ቡናማነት የሚወስን አንድ ጂን እዚሁ ዜድ ላይ ተቀምጧል። ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ወርቃማ ነው፣ ሌላው ብርማ። ሁለቱ አንድ ጫጩት ላይ ከተገናኙ ብርማው ያሸንፋል።

ቡናማ ጣይ ዶሮ የሚያራቡ ድርጅቶች አባቱን ወርቃማ፣ እናቷን ብርማ አድርገው ያገናኛሉ። ሴት ልጅ ዜዷን ከአባቷ ብቻ ስለምትወስድ ወርቃማ ትሆናለች፣ ቡናማ ሆና ትወጣለች። ወንዱ ከእናቱ ብርማውን ስለሚወስድ ነጣ ብሎ ይወጣል። ሠራተኛው ቡናማውን ወደዚህ፣ ነጩን ወደዚያ እያለ ይለያል። ነጋዴሽ ጠንቋይ አይደለም። ነጮቹ ቀድመው ወጥተውለት ነው።

አንቺ ጋ የደረሱት ሴቶች እንግዲህ ወርቃማ ዜድ ብቻ አላቸው። ብርማው ከወንድሞቻቸው ጋር ቀረ። ሳሶሽም ቀይ ነው። ሁለቱም ወገን ወርቃማ ከሆነ ወንዱም ሴቱም ቡናማ ይሆናል። ዘዴው ለአንድ ትውልድ ብቻ የተበጀ ነው።

የእንቁላሉ ነገር ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። አንገተ መላጣነት ወይም ጥቁረት በአንድ ጂን ይወሰናል፣ እንቁላል መጣል ግን የብዙ ጂኖች ድምር ነው። ቦቫንስ ራሷን ችላ የምትራባ ዝርያ አይደለችም። ለየብቻ ሲመረጡ የኖሩ አራት የዘር መስመሮች ሁለት በሁለት ተዳቅለው፣ ልጆቻቸው ደግሞ እርስ በርስ ተዳቅለው የምትገኝ ዲቃላ ናት። ድርጅቱ ቅድመ አያቶቹን ይዞ ይኖራል፣ ለገበያ የሚያወጣው የመጨረሻዋን ነው። እሷን ደግመሽ ስታራቢ ካርታው እንደገና ይበወዛል። አንዷ ልጅ ጥሩ ይደርሳታል፣ ሌላዋ መናኛ። መዳቀሉ ያመጣው ብርታትም እናትየው ላይ እንደነበረው ሆኖ አይቀጥልም። አባቱ ደግሞ ሳሶ ነው፤ ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ተብላ የተበጀች እንጂ የቦቫንስን ያህል ጣይ አይደለችም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፣ ቦቫንስ በደንብ ከተያዘች 300 ትደርሳለች። ሴቶች ልጆችሽ መሀል ቤት ቢገኙ አይደንቅም።

አንድ ነገር አስምሪበት። አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፣ ግን የእንቁላል ጂን ግማሹ ከእሱ ነው የሚመጣው። ሰዉ አውራ ሲመርጥ ቁመናውን፣ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ድርብ መሆኑን፣ ላባው ቀይ መሆኑን ያያል። እናቱ ስንት ትጥል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም!

ወደ ጥቁሮቹ ስንመጣ ጥያቄው ለአንቺ ነው። አንዳንድ ጂን ይደበቃል፣ አንዳንዱ አይደበቅም። ለምሳሌ አናት ላይ ያለው ሥጋ። ድርብ ያላቸው እናትና አባት ነጠላ ያለው ጫጩት ሊወልዱ ይችላሉ፣ ነጠላነት ድርቡ ሥር ተደብቆ ይኖራልና። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል በአተር ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ነገር በእንስሳም እንደሚሠራ ቤትሰን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ያረጋገጠው በዚሁ በዶሮ አናት ነው። አንገተ መላጣነት ግን አይደበቅም። የጂኑ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ዶሮ ከፊት ጥቂት ላባ ይቀርለታል፣ ልክ ያንቺው እንዳለው። ሁለት ቅጂ ያለው ጭራሽ ይላጣል። የጥቁሩ ቀለምም በአብዛኛው እንደዚያው ነው፣ ከወላጅ አንዱ ካለው በልጁ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያንቺ ጫጩት መላጣ ከሆነ ከወላጆቹ አንዱ መላጣ መሆኑ ግድ ነው።

አጥር እየዘለለ የሚመጣ ጥቁር መላጣ አውራ ሰፈራችሁ ውስጥ የለም?


ኡሙ ፈቲ

ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎ! እያነበብኩ ቆዳዬ ሁሉ ሾከከኝ። ነበረ! ከኋላ ያሉት ጎረቤቶቻችን አውራ ነው። ጥቁር፣ አንገቱ መላጣ፣ አጥሩን እንደ ደጃፉ የሚመላለስበት። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። እሱን ለፋሲካ አርደውታል። እኛም ወጡን ቀምሰናል። እኔ ለአማቴ የሚሄደውን እንቁላል መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ነው። የሞተ አውራ እንዴት ይወልዳል?


ጡረተኛው መምህር

ይወልዳል እንጂ! ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ ታስቀምጣለች። ማህፀኗ አካባቢ ለዚህ የተሠሩ ጥቃቅን ጎተራዎች አሏት። አንዴ ከተጠቃች ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚፈለፈል እንቁላል ትጥላለች። ፋሲካ ላይ ወጥ የሆነው አውራ በዳግማይ ትንሣኤ አባት ቢሆን ሕጉን አልጣሰም። ሳሶሽ ደግሞ በኋላ የመጣ ስለሆነ የኋለኛው ዘር ይበልጣል። አብዛኞቹ ቡናማ፣ ጥቂቶቹ ጥቁር የሆኑትም ለዚያ ነው።

እንቁላሏ ላይ ተኝታ አልነሳም ያለችው ጥቁሯ ቄብም ተፈታች። መታቀፍ ከቦቫንስ ዘር ውስጥ በምርጫ ብዛት የተነቀለ ጠባይ ነው። የምትታቀፍ ዶሮ መጣል ታቆማለች፣ ስለዚህ ድርጅቶቹ የምትታቀፈውን ከዘር እያወጡ አልታቀፍም ያለችውን ብቻ አስቀሩ። የጎረቤታችሁ አውራ ግን የሐበሻ ነው። እሱ ራሱ ታቅፎ አያውቅም፣ እናቱ ግን ታቅፋ ነው ያሳደገችው። ያንን ለልጁ አወረሳት። ዘር ከልጓም ይስባል ያሉት አማትሽ እዚህ ላይ አሸነፉ። ስበቱ ከአጥር ማዶ መጣ እንጂ ከገብስማዋ አይደለም።


ቢንት ጦሳ (ደሴ)

ጋሼ፣ ከዶሮ ልውጣ ይቅርታ። በዶሮ ፆታን የምትወስነው እናት ናት አሉ። በሰውስ? አክስቴ ሴት በሴት ላይ ወለደች ተብላ ከአማቶቿ ያልሰማችው ነገር የለም።


ጡረተኛው መምህር

በሰው ተቃራኒው ነው ልጄ። ሴት ኤክስ ኤክስ ናት፣ ወንድ ኤክስ ዋይ። እናት የምትሰጠው ሁልጊዜ ኤክስ ነው። አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ። አማቶቿ ቅሬታ ካላቸው ወደ ወንድ ልጃቸው ያቅርቡ። እሱም ቢሆን መርጦ የሚሰጠው የለም።


ሰኞ ገበያ

እሺ ጋሼ፣ የአንገቱን አምኛለሁ። ፈንግሉስ? እናቶቹ ተርፈው ልጆቹ አለቁ። እሱም ጂን ነው ሊሉን?


ጡረተኛው መምህር

ጥሩ አመጣኸው፣ ይሄኛው ጂን አይደለም። ከማስፈልፈያ የሚመጡ ጫጩቶች አንዳንዴ የፈንግል ክትባት ጀምረው ይመጣሉ። ኡሙ ፈቲም ያኔ ቀሪውን ሳታስከትባቸው አልቀረችም። ክትባት የዶሮዋን ደም ያስተምራል እንጂ ዲኤንኤዋን አይነካም። የተከተበች እናት ለጫጩቷ የምታቀብለው መከላከያ አለ፣ ግን በአስኳሉ በኩል ነው፣ እሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ጫጩቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ሆጤ የተፈለፈሉት ከተከተቡ እናቶች ናቸው ተብሎ ሳይከተቡ ክረምት ገባባቸው። መፍትሄው ቀላል ነው፤ ጫጩቶች በተፈለፈሉ በመጀመሪያው ሳምንት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሪ። ክትባቱ በዓይን ጠብታ ነው የሚጀመረው፣ በኋላ ይደገማል። ክትባቱ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ዋጋ የለውምና ከቀዝቃዛ ዕቃ ሲወጣ ማየትሽን አትርሺ።


ኡሙ ፈቲ

አዎ ጋሼ፣ ትልልቆቹን አስከትቤያለሁ፣ ጫጩቶቹን ግን "የእነሱ ልጆች ናቸው" ብለን ተውናቸው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ሁልጊዜ ጫጩት ስገዛ ልኑር? አንድ ደግሞ፣ ባለቤቴ መላጣውን አውራ ለሚመጣው በዓል ይዞታል። ይታረድ?


ጡረተኛው መምህር

የምትፈልጊው እንቁላል መሸጥ ከሆነ ግዢ፣ የሚያዋጣው እሱ ነው። ቦቫንስን ከቦቫንስ አራብቶ ቦቫንስ ያገኘ የለም።

የራሴ ዘር ይኑረኝ ካልሽ ንጹሕ ዝርያ ያስፈልግሻል። ድሮ በግብርና በኩል ለገበሬ ትታደል የነበረችው ቀይዋ ሮድ አይላንድ ሬድ እንደዚያ ናት። ልጇ እናቷን ትመስላለች። እንቁላሏ ከቦቫንስ ያንሳል፣ ግን ለልጅ ልጅ ይሄዳል። የሐበሻ ዶሮም ተስፋ የለውም አትበዪ። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሆሮ የሚባለውን የሐበሻ ዶሮ ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየትውልዱ የተሻለ የምትጥለውን እየመረጠ አራብቷል፣ ምርቱም በግልጽ ጨምሯል። ዘዴው ቤትሽም ይሠራል። ብዙ የጣለችውን ዶሮ እግሯ ላይ ክር እሰሪባት። አውራ የምታስቀሪው ከእሷ እንቁላል ከተፈለፈለው ይሁን። ከራሷ ጋር ግን አታገናኚው፣ የጎረቤት ጥሩ ጣይ ዶሮ ፈልጊለት። ዝምድና ሲበዛ ተደብቆ የኖረው ደካማ ጂን ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ መፈልፈሉም ይቀንሳል።

አባቱን እርግጠኛ መሆን ስትፈልጊ ዶሮዎቹን ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ አውራ ዝጊባቸው። ያኔ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ከዚያ የመረጥሽውን አስገቢ፣ ጥቂት ቀን ቆይተሽ እንቁላል መሰብሰብ ጀምሪ።

መላጣው አይታረድ! ደሴ ቢሆን ኖሮ ብርዱን አስቤ ሌላ እል ነበር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ ግን ሙቀት ላይ ነን። አንድ ቅጂ ያለው አውራ ላባው በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ሁለት ቅጂ ያለው እስከ 40 በመቶ። ላባ ሲቀንስ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፣ በበጋ ቀትር ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ እሱ ይለቅማል። ልጆቹ ግማሹ እንደ እሱ መላጣ፣ ግማሹ ደህና ላባ ያላቸው ይሆናሉ። ለእንቁላል አባት ግን አታድርጊው፣ እህቱን አይተሻታል።


ሰኞ ገበያ

ሐርቡ ዘመዶች አሉኝ። እዚያ ሙቀቱ ዶሮ ይገድላል። ኡሙ ፈቲ፣ መላጣውን እኔ ልውሰድላቸው፣ ዋጋውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።


ኡሙ ፈቲ

ባለቤቴ ሰምቶ "ክብደቱን ይመዝንና ነው" ብሏል። ጥቁሯን ታቃፊ ግን አልሸጥም። አማቴ ከአሁን በኋላ እንቁላል ይዘሽ ሐረጎን አትውጪ፣ የራስሽ ታቃፊ አለሽ ብለውኛል።